ሃምበከሩ ለምን ቀጠነ? የአንድ ጊታር የሽቦ ጉዳይ

ጊታሩ ሦስት ፒክአፕ አለው፤ ፒክአፕ የክሩን ንዝረት ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጥ ማግኔትና የሽቦ ጥቅል (ኮይል) ነው። ብሪጁ ላይ፣ ማለትም ክሩ በታች በኩል የሚያርፍበት ጋ፣ ባለ ሁለት ኮይል ሃምበከር አለ፤ መሃልና አንገት ላይ ደግሞ ባለ አንድ ኮይል፣ ሲንግል ኮይል የሚባለው። አንድ ቮልዩም፣ አንድ ቶን፣ ፒክአፕ የሚመርጥ ባለ አምስት ቦታ ስዊች፦ አንደኛው ብሪጅ፣ ሁለተኛው ብሪጅና መሃል፣ ሦስተኛው መሃል፣ አራተኛው መሃልና አንገት፣ አምስተኛው አንገት። የቶኑ ፖት (ማዞሪያ) ተስቦ የሚወጣ ፑሽፑል ነው፣ ማለትም ሲሳብ እንደ ስዊች የሚሠራ፤ ግን የስዊቹ ክፍል ላይ ምንም አልተበየደም። ባለቤቱ ብሪጁ ላይ የነበረውን ፒክአፕ አስወጥቶ አራት ባለቀለም ሽቦ ያለው ሌላ ሃምበከር አስገብቷል። ሽቦውን የሠራለት ሌላ ሰው ነው። ከዚያ ወዲህ ጊታሩ ጤና የለውም።

ቅሬታውን እንዳለ ላስቀምጠው። "ብሪጁ ላይ ሳደርገው ድምፁ ቀጭን ነው፣ በአፍንጫ የሚያወራ ነው የሚመስለው፤ በዚያ ላይ ይጮሃል። ሁለተኛው ቦታ ላይ ጭራሽ ባዶ ነው፣ እሱ ግን አይጮህም።"

የመጨረሻዋን ዐረፍተ ነገር ያዙልኝ። እሱ እንደ ዋዛ ነው የጣላት፣ ግን የጉዳዩ ግማሽ መልስ እሷ ውስጥ ነበር።

እሱ በበኩሉ ፍርዱን ጨርሷል፦ ፒክአፑ ተበላሽቷል፣ ሌላ ይገዛል። እግረ መንገዱንም ጊታሩ ከተከፈተ አይቀር ኮይል ስፕሊት (ሃምበከሩን ወደ አንድ ኮይል መቁረጥ)፣ ሲሪስ/ፓራለል (ሁለቱን ኮይሎች በተከታታይ ወይም ጎን ለጎን ማያያዝ)፣ የፌዝ ስዊች (የአንዱን ፒክአፕ አቅጣጫ የሚገለብጥ)፣ ምን የሌለ ነገር አለ፣ ሁሉም ይግባልኝ ይላል። እኔ ደግሞ በዚህ ነገር ላይ ግትር ነኝ። የታመመ ጊታር ላይ ስዊች መጨመር በሽታውን መደበቅ ነው። ሽቦው የት እንደሚሄድ ሳይታወቅ አዲስ ፒክአፕ መግዛት ደግሞ ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነው።

መጀመሪያ ሃምበከር ምን እንደሚሠራ እንይ፣ ያለዚያ የሚቀጥለው ነገር ሁሉ አይገባም።

ሴት ላቨር የሚባለው የጊብሰን መሐንዲስ በ1955 የፓተንት ማመልከቻ ያስገባበት ዘዴ ነው፤ በ1957 ጊታሮቹ ላይ ወጣ። ሐሳቡ ግልጽ ነው። ሁለት ኮይሎች ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። የአንዱ ማግኔት ሰሜን ዋልታ ወደ ክሩ ይዞራል፣ የሌላው ደቡብ። የሽቦው አጠማዘዝም በኤሌክትሪክ ዓይን ሲታይ እንዲሁ ተቃራኒ ነው። ከክሩ የሚመጣው ድምፅ የሚወሰነው በሁለት ነገር ነው፦ በማግኔቱ ዋልታና በሽቦው አቅጣጫ። ሁለቱም ሲገለበጡ ድምፁ ወደነበረበት ይመለሳል፣ ስለዚህ የሁለቱ ኮይሎች ድምፅ ይደመራል። ከመብራት መስመርና ከትራንስፎርመር የሚመጣው ጉምጉምታ ግን ለማግኔቱ ደንታ የለውም። የሚያውቀው የሽቦውን አቅጣጫ ብቻ ነው። ሽቦው ተቃራኒ ስለሆነ አንዱ የሌላውን ያጠፋል። ባለቤቱ "ይጮሃል" የሚለው ይህንኑ ጉምጉምታ ነው።

ከዚህ አንድ የሚጠቅም ነገር ይወጣል። ሁለት ኮይሎች አብረው ሲሠሩ ድምፁ ወፍራም ሆኖ ጸጥ ካለ፣ ማግኔታቸውም ሽቦአቸውም ተቃራኒ ነው ማለት ነው። ድምፁ ወፍራም ሆኖ ከጮኸ፣ ሁለቱም ተመሳሳይ ናቸው። ድምፁ ቀጭን ሆኖ ጸጥ ካለ፣ ማግኔታቸው አንድ ነው፣ ሽቦአቸው ግን ተገልብጧል። ቀጭን ሆኖ ከጮኸ ደግሞ ማግኔታቸው ተቃራኒ ሆኖ ሽቦአቸው ወደ አንድ አቅጣጫ ተያይዟል። ጊታሩን ሳትከፍቱ በጆሮ ብቻ ይህን ያህል ማወቅ ይቻላል።

አሁን ወደ ቅሬታው እንመለስ። ብሪጁ ብቻውን ቀጭንና ጯሂ ነው። ማለትም በሃምበከሩ ውስጥ ያሉት ሁለቱ ኮይሎች እርስ በርሳቸው እየተጣሉ ነው። ሁለተኛው ቦታ ላይ፣ ሃምበከሩ ወደ አንድ ኮይል ተቆርጦ ከመሃሉ ፒክአፕ ጋር ሲሠራ፣ ቀጭንና ጸጥ ያለ ነው። ማለትም የቀረው ኮይልና መሃሉ ፒክአፕ አንድ ዓይነት ማግኔት አላቸው፣ ሽቦአቸው ግን ተገልብጧል። የተበላሸ ነገር ያለ አይመስልም። የተገለበጠ ነገር ነው ያለው።

ለማንኛውም መልቲሜትር ይዤ ጀመርኩ። ገመዱን ጃኩ ላይ ሰክቶ፣ ቮልዩሙን እስከ መጨረሻው ከፍቶ፣ ስዊቹን ብሪጁ ላይ አድርጎ የገመዱን ሌላ ጫፍ መለካት በቂ ነው፤ ምንም መፍታት አያስፈልግም። ወደ 8 ኪሎ ኦም አነበበ። ለሃምበከር ጤናማ ቁጥር ነው። ባለቤቱ ግራ ገባው። "ሜትሩ ደህና ነው ካለ ታዲያ ምን ሆነ?" ሜትሩ ኦም ላይ ሲሆን የሚነግራችሁ ሽቦው መቆረጥ አለመቆረጡን ነው። ወደየት እንደዞረ አያውቅም። ተገልብጦ የተያያዘ ሃምበከርም በትክክል የተያያዘም አንድ ዓይነት ቁጥር ነው የሚያሳዩት፤ ብዙ ሰው ጤነኛ ፒክአፕ የሚጥለው ወይም የታመመውን ጤነኛ ነው የሚለው እዚህ ጋ ነው።

ከዚያ የፊት ሽፋኑን አነሳነው።

ጥቁሩ ሽቦ ስዊቹ ላይ ተበይዷል። ቀይና ነጩ አንድ ላይ ተጠምዝዘው በቴፕ ታስረዋል፣ ከነሱም አንድ ቅጥያ ወደ ስዊቹ ይሄዳል። አረንጓዴውና ራቁቱ ሽቦ ግራውንድ (የጋራው መመለሻ መስመር) ላይ ናቸው። ሥራው ንጹህ ነው፣ ሊዱ ያበራል፣ ምንም አይወጣለትም። ይህ አያያዝ የፒክአፕ አምራቹ የሲይሞር ደንካን የቀለም ሥርዓት ነው። በዚያ ሥርዓት ጥቁርና ነጭ የአንድ ኮይል ሁለት ጫፎች ናቸው፣ ቀይና አረንጓዴ የሌላው። ግን የገባው ፒክአፕ በሌላ ሥርዓት የተሠራ ነው። በሌላው አምራች በዲማርዚዮ ሥርዓት ቀይና ጥቁር ናቸው የአንድ ኮይል ጫፎች፣ ነጭና አረንጓዴ የሌላው፤ ቀዩ ሲግናል (ድምፁ የሚወጣበት ጫፍ) ነው፣ ጥቁርና ነጭ ይያያዛሉ፣ አረንጓዴው ግራውንድ ይሆናል። ያው አራት ቀለሞች፣ ሌላ ትርጉም። የአንዱን ንድፍ ይዞ የሌላውን ፒክአፕ የበየደ ሰው አንዱን ኮይል ሳያውቅ ይገለብጠዋል። እዚህ የሆነው በትክክል ይኸው ነው።

ፒክአፑ የማን እንደሆነ ባይታወቅም ችግር የለም፣ ጥንዶቹን ሜትሩ ራሱ ይነግራችኋል። አራቱንም ሽቦ ፈታሁና ሁለት ሁለት እያደረግሁ ለካሁ። ቀይና ጥቁር 4 ኪሎ ኦም አካባቢ። ነጭና አረንጓዴም እንደዚያው። ቀይና ነጭ ምንም፣ ክፍት። በቃ፣ ጥንዶቹ ታወቁ።

የቀረው አቅጣጫ ነው። ይህችን ሙከራ ለማንም ሰው ማሳየት ደስ ይለኛል። ሜትሩን ዝቅተኛው የዲሲ ሚሊቮልት ላይ ታደርጉታላችሁ፤ በመርፌ የሚሠራው ዓይነት ካለ ይመረጣል፣ ዲጂታሉም ቁጥሩ ለቅጽበት ወደ ፕላስ ወይም ወደ ማይነስ ሲዘል ያሳያል። የሜትሩን ሁለት ጫፍ በአንዱ ኮይል ሽቦዎች ላይ ትቆነጥጣላችሁ። ከዚያ የብረት ጠመንጃ መፍቻ በዚያ ኮይል ጫፎች ላይ ታሳርፉና ድንገት ወደ ላይ ታነሱታላችሁ። መርፌው በየትኛው በኩል እንደዘለለ ታያላችሁ። ቀዩን ሽቦ ፕላስ ላይ አድርጌ ሳነሳ መርፌው ወደ ቀኝ ዘለለ። ሁለተኛው ኮይል ላይ ነጩን ፕላስ ሳደርግ እንዲሁ ወደ ቀኝ። ስለዚህ የትክክለኛው መስመር ቅደም ተከተል ከሲግናል ወደ ግራውንድ ሲቆጠር ቀይ፣ ጥቁር፣ ነጭ፣ አረንጓዴ ነው። ንድፍ ባይኖራችሁም በዚህ ብቻ ማንኛውንም ባለ አራት ሽቦ ሃምበከር መፍታት ትችላላችሁ።

ቀዩን ስዊቹ ላይ፣ ጥቁርና ነጩን አንድ ላይ፣ አረንጓዴውን ከራቁቱ ሽቦ ጋር ግራውንድ ላይ። ክሩ ተወጠረ፣ አምፑ በራ። ብሪጁ ላይ የወጣው ድምፅ ሌላ ጊታር ነው የሚመስለው። ወፍራም፣ ጸጥ ያለ።

ባለቤቱ ፈገግ ብሎ ስዊቹን ወደ ሁለተኛው ቦታ ገፋ፣ ፈገግታውም እዚያው ቀረ። "ድምፁ መጥቷል፣ ግን ይሄ ድሮ አይጮህም ነበር እኮ!"

እውነቱን ነው። አይጮህም ነበር። ቀደም ሲል እዚያ ቦታ ላይ የሚቀረው ኮይል ተገልብጦ ስለነበር ጉምጉምታውን ከመሃሉ ፒክአፕ ጋር ያጠፋ ነበር፣ ድምፁንም አብሮ ያጠፋው ነበር እንጂ። አሁን ኮይሉ ተስተካክሏል፣ ከመሃሉ ጋር ይደመራል፤ ጉምጉምታውም ይደመራል። ያኔ በጆሮ የገመትነው ነገር ተረጋገጠ፦ የቀረው ኮይልና መሃሉ ፒክአፕ ወደ ክሩ የሚያዞሩት አንድ ዓይነት ዋልታ ነው። ለማጣራት ትንሽ ኮምፓስ ከላይ ማለፍ በቂ ነው፤ በጣም አታስጠጉት እንጂ፣ ጠንካራ ማግኔት የኮምፓሱን መርፌ ራሱን ሊገለብጠው ይችላል። መርፌው መሃሉ ፒክአፕ ላይ በአንድ ጫፉ ዞረ፤ ከሃምበከሩ ወደ መሃል የቀረበው ኮይል ላይ በዚያው ጫፍ፤ ወደ ብሪጁ የቀረበው ላይ ደግሞ በተቃራኒው።

እዚህ ላይ ሰዎች ፒክአፑን መቶ ሰማንያ ዲግሪ አዙሮ መግጠም ነገሩን የሚፈታ ይመስላቸዋል። አይፈታም። ሲዞር የሚቀየረው ኮይሉ ከክሩ በታች የሚቆምበት ቦታ ነው። ዋልታውም ሽቦውም እንዳሉ ናቸው። መሃሉን ፒክአፕ መገልበጥም አያዋጣም፣ እሱ ከአንገቱ ጋር አራተኛው ቦታ ላይ ጸጥ እንዲል ተብሎ አስቀድሞ በተቃራኒ ተሠርቷል። እሱን ከነካችሁ አንዱን አስተካክላችሁ ሌላውን ታበላሻላችሁ።

ትክክለኛው ጥያቄ ሌላ ነው፦ ሃምበከሩ ሲቆረጥ የትኛው ኮይል ነው የሚቀረው?

ብዙው ንድፍ ላይ ኮይል ስፕሊት ማለት ሁለቱ ኮይሎች የሚገናኙበትን ነጥብ ግራውንድ ላይ ማሳረፍ ነው። ያኔ በግራውንድ በኩል ያለው ኮይል ሁለቱም ጫፎቹ ግራውንድ ይሆኑና ዝም ይላል፣ በሲግናል በኩል ያለው ይቀራል። ግን ያንኑ ነጥብ ግራውንድ ላይ ከማሳረፍ ይልቅ ሲግናሉ ላይ ብታሳርፉት ነገሩ ይገለበጣል። በሲግናል በኩል ያለው ኮይል ሁለት ጫፉ አንድ ላይ ይሆንና ዝም ይላል፣ በግራውንድ በኩል ያለው ይሠራል። አንዲት ሽቦ የምታርፍበት ቦታ ነው ልዩነቱ። ይህን ያህል ቀላል ነገር ለምን በየንድፉ እንደማይጻፍ አይገባኝም።

በዚህ ጊታር ላይ ደግሞ ስፕሊቱ በስዊቹ ነው የሚሠራው። የተለመደው ባለ አምስት ቦታ ስዊች ሁለት ጎን አለው፤ በእያንዳንዱ ጎን ሦስት እግርና አንድ የጋራ እግር። አንዱ ጎን ፒክአፖቹን ይመርጣል። ሁለተኛው ጎን በድሮው ስትራቶካስተር (የፌንደር ባለ ሦስት ፒክአፕ ጊታር) ለቶኖቹ ነበር፤ አንድ ቶን ብቻ ካለ ግን ሥራ ፈት ነው። የሁለቱ ኮይሎች መገናኛ በሁለተኛው ጎን መሃለኛ እግር ላይ ተበይዷል፣ የጋራው እግር ግራውንድ ላይ። ስዊቹ ሁለተኛው ቦታ ላይ ሲሆን ይቆርጠዋል። ሦስተኛውና አራተኛው ላይም ይቆርጠዋል፣ ግን እዚያ ብሪጁ ስለማይሠራ ማንም አይሰማውም። አንደኛው ላይ አይነካውም። የጠራ ዘዴ ነው። እኔ ያደረግሁት የጋራውን እግር ከግራውንድ ፈትቼ በመጀመሪያው ጎን የብሪጁ እግር ላይ መበየድ ብቻ ነው። ሁለተኛው ቦታ ወፍራምም ጸጥ ያለም ሆነ። ወደ ብሪጁ የቀረበው ኮይል ስለሆነ የቀረው፣ ትንሽ ሹል ይላል፤ ባለቤቱ ወደደው።

ሌላም መንገድ ነበር። የኮይሎቹን ተራ መቀያየር፦ ነጩን ሲግናል፣ አረንጓዴና ቀዩን አንድ ላይ፣ ጥቁሩን ግራውንድ። የሁለቱም አቅጣጫ ሳይነካ ተራቸው ይለወጣል፣ ስፕሊቱም ግራውንድ ላይ እንዳለ መቆየት ይችላል። ስፕሊቱ በፑሽፑል ለሚሠራበት ጊታር ይህኛው ይሻላል። በሁለቱም መንገድ ግን ራቁቱ ሽቦ ከግራውንድ ንቅንቅ አይልም። እሱ ከፒክአፑ ብረት ጋር የተያያዘ ነው። ባለ ሁለት ሽቦ የሆኑት የቆዩ ፒክአፖች ላይ ብረቱም የኮይሉ ጫፍም በአንድ ሽቦ ስለሚወጡ፣ እነሱን ዝም ብሎ የገለበጠ ሰው ሽፋኑ ራሱ ሲግናል ይሆንበትና እጁ በነካው ቁጥር ይጮህበታል።

ጊታሩ ከዳነ በኋላ ወደ ምኞቱ ዝርዝር መጣን። አንድ ፑሽፑል ብቻ ነው ያለው፣ ስለዚህ ምርጫ ግድ ነው።

የፌዝ ስዊች ይፈልጋል። ሁለት ፒክአፕ ሲገለባበጡ የሚወጣው ቀጭን ድምፅ ወዳጆች አሉት፤ የፍሊትውድ ማኩ ጊታር ተጫዋች ፒተር ግሪን ሌስ ፖል በሚባለው የጊብሰን ጊታሩ የሚታወቅበት ያ እንግዳ የመሃል ድምፅ ከዚያ የመጣ ነው፣ የኩዊኑ ብሪያን ሜይም ከአባቱ ጋር በሠራው ጊታር ላይ ለእያንዳንዱ ፒክአፕ አንድ ማብሪያና አንድ የፌዝ ስዊች አድርጓል። ግን እዚህ ጊታር ላይ ባለቤቱ ያን ድምፅ በግዱ ሲሰማ ከርሞ ሲያማርር ነበር። "የሸሸኸውን ነገር በስዊች ልታስገባው ነው?" አልኩት። ሳቀና ተወው።

የመረጥነው አንገቱን በፈለጉት ሰዓት የሚጨምር ስዊች ነው። ምክንያቱ ይሄ ነው። ስትራቶካስተር በ1954 ሲወጣ ስዊቹ ሦስት ቦታ ብቻ ነበረው። ተጫዋቾች ስዊቹን በሁለት ቦታ መሃል እያቆሙ የሁለት ፒክአፕ ድምፅ ያገኙ ነበር፣ ፋብሪካው ባለ አምስቱን ያስገባው በ1977 ነው። ሦስት ፒክአፕ ሰባት ዓይነት ቅንብር ይሰጣል፣ ባለ አምስቱ ስዊች ግን ሁለቱን ይተዋል፦ አንገትና ብሪጅ አንድ ላይ፣ እና ሦስቱም። ፑሽፑሉ ሁለቱንም በአንድ ሽቦ ይመልሳቸዋል። የአንገቱን እግር ከስዊቹ የጋራ እግር ጋር ያገናኛል፣ በቃ። ሲሳብ አንደኛው ቦታ ላይ ብሪጅና አንገት፣ ሁለተኛው ላይ ሦስቱም ይሠራሉ። የፑሽፑሉ ስድስት እግር ውስጥ ሁለቱን ብቻ ነው የበላው።

አንድ ነገር ቀርቶ ነበር። የቮልዩሙ ፖት 500 ኪሎ ኦም ነው፣ ለሃምበከር የሚስማማው። ሲንግል ኮይሎች ግን የለመዱት 250 ነው፣ በ500 ላይ ጆሮ ይወጋሉ። አንገቱ እግር ላይ ወደ ግራውንድ አንድ 470 ኪሎ ሬዚስተር በየድኩ። ከ500 ጋር ጎን ለጎን ሲሆን ፒክአፑ የሚያየው 242 ኪሎ አካባቢ ነው። ለመሃሉም ሌላ ላድርግ ብዬ ነበር፣ ግን አራተኛው ቦታ ላይ ሁለቱ ሬዚስተሮች አብረው ይገቡና ወደ 160 ይወርዳል፣ ይታፈናል። ስለዚህ መሃሉን ተውኩት። መሃሉ ብቻውን ሲሆን ትንሽ ይወጋል፣ እንደማንኛውም ሲንግል ኮይል ትንሽም ይጮሃል። ባለቤቱ ያን ቦታ አይነካውም።

አሁን አዲስ ፒክአፕ የመግዛቱ ሐሳብ ቀርቶ ፓራለል ላይ ሙጭጭ ብሏል። ያልተገባ ምኞት አይደለም። ሁለቱ ኮይሎች ጎን ለጎን ሲያያዙ 8 የነበረው ወደ 2 ኪሎ ኦም ይወርዳል፣ ጉልበቱ ይቀንሳል፣ ድምፁ ይጠራል፣ ጸጥታው ግን አይሄድም፤ ለእኔ ከስፕሊት የሚሻል፣ ግን የሚረሳ አማራጭ ነው። ቮልዩሙን ወደ ፑሽፑል መቀየር ይጠይቃል። አንድ ወጥመድ ግን አለው፣ ለሱም ወረቀት ላይ ስዬ ሰጥቼዋለሁ። በፓራለል ጊዜ ነጩ ወደ ሲግናል፣ ጥቁሩ ወደ ግራውንድ ይለያያሉ። ወደ ስዊቹ የሚሄደው የስፕሊት ሽቦ መውጣት ያለበት ከነጩ እግር ነው። ከጥቁሩ ከወጣ ሁለተኛው ቦታ ላይ ግራውንዱን ከሲግናሉ ጋር ያገናኘውና ጊታሩ ሙሉ በሙሉ ዝም ይላል።